የሲስተር አስካለ አምፕሊፋየር

ደምሴ በጠዋት ደወለ። ደምሴ የባንዳችን ማናጀር ነው፤ ስፒከሩም ሚክሰሩም ጄኔሬተሩም የእሱ ስለሆነ እኛም የእሱ እንመስለዋለን። ሱቄን ገና እየከፈትኩ ነበር።

«ጀማል፣ ሲስተር አስካለ አረፈች» አለኝ።

ቀጥሎም ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ለጢቾው ሰርግ ግራ እጅህን አዘጋጅ» አለ።

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ስለ ግራ እጄ ላስረዳ። እኔ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። በአዘቦት ቀን አሰላ ውስጥ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ እጫወታለሁ። እንደኛ ባለ የሰርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ከቀረ ቆይቷል። ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው በቀኝ እጁ ዜማውን ይዞ በግራው ያንን ወፍራም የታችኛውን ድምፅ ይመታል፤ ማናጀሩም የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው አሠርቶ ይገላገላል። እኛ ባንድ ውስጥ ግን የታችኛው ድምፅ ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱም ሲስተር አስካለ ነበረች። ደምሴ ግራ እጄን ሲጠይቀኝ፣ ሴትዮዋ ገና ሳትቀበር ቦታዋን እንድደፍነው መጠየቁ ነበር።

ሰው ሲሞት ደግነቱ ይወራለታል። እኔ ስለ ሲስተር አስካለ ደግነት የማወራው ብዙ የለኝም። እልኸኛ ነበረች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ አሰላ ማዋለጃ ክፍል ስትገባ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ነበር አሉ፤ ሳትመለስ ፀጉሯ ሸበተ። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትራመድ ተረከዟ መሬቱን የተቆጣ የሚመስል ሴት። ምጥ ላይ ያለች ሴት የሚያመናጭቅ ሰው ካገኘች ድምጿ ከኮሪደሩ አልፎ እስከ ጥበቃው ድረስ ይሰማል። ግማሹን የአሰላ ጎረምሳ ያዋለደችው እሷ ስለሆነች ማንም ቀና ብሎ አይመልስላትም። ዛሬ የምናጅባቸው ሙሽሮችም ገሚሶቹ በእሷ እጅ የተወለዱ ናቸው፤ «መጀመሪያ ያስለቀስኳችሁ እኔ ነኝ፣ አሁን ደግሞ ላስጨፍራችሁ» ትላቸዋለች።

ቤዝ ጊታር የተማረችው በልጅነቷ ቀበሌ ኪነት ውስጥ ነው። ወንዶቹ ሊድ ጊታሩንና ድራሙን ተሻምተው ወሰዱ፤ ለሴቶቹ የቀረው መዝፈንና መጨፈር ነበር። «ድምፄ እንደ ዛገ በር፣ ትከሻዬ እንደ ግድግዳ፤ ምን ላድርግ?» ትል ነበር ስታወራው። ጥግ ላይ አንድ ክሩ የተበጠሰ ቤዝ ጊታር ተደግፎ አየችና አነሳችው። ኃላፊው «አስቀምጪው፣ እሱ የወንድ ነው» አላት። ጊታሩን ገለበጠችና ጀርባውን ፈተሸች። «የት ላይ ተጽፏል?» አለችው። ከዚያ ወዲህ አላስቀመጠችውም።

እኛ ባንድ ውስጥ ስትገባ እኔ በዕድሜዋ አክብሬ «እርስዎ» አልኳት። «ተወኝ» አለች። «ቤዝ ጊታር ያንጠለጠለች ሴት አንቱ አትባልም። ማዋለጃ ስትመጣ አንቱ ትለኛለህ።» እኔ ማዋለጃ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? እንደዛ ነበረች፤ ተናግራ ታስቅና ራሷ አትስቅም።

አሁን ወደ ሲሬው ሰርግ ልሂድ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ሲሬ ውስጥ ሜዳ ላይ በተተከለ ትልቅ ድንኳን እየተጫወትን ነበር። በዚያን ጊዜ የሲስተር ጊታር እንደኛ ሁሉ ቀጥታ የሚሰካው ደምሴ ሚክሰር ላይ ነው። ማን ምን ያህል እንደሚሰማ የሚወስነው ደምሴ ነው ማለት ነው፤ አንዱን ማንሻ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሌላውን ወደ ታች ይስባል። ሲስተር ዓይኗን ጨፍና ስትመታ፣ ስትመታ፣ በዘፈኑ መሃል ድንገት እጇን ከክሩ ላይ አነሳች። ዓይኗን ገለጠች። ዘፈኑ ቀጠለ። አንድ ሰው ዞር አላለም፤ አንድ ትከሻ አልተሳሳተም። እንደገና መታች፤ እንደገና አቆመች። ያው ነው። ያን ጊዜ ገባት፤ እኔም አብሮ ገባኝ። ደምሴ ከጅምሩ ዘግቷት ነበር። ረፋዱን በሙሉ ላቧ እስኪንጠባጠብ የመታችውን ከራሷ በቀር የሰማው አልነበረም።

ጩኸት ትጀምራለች ብዬ ፈራሁ። አልጮኸችም። ገመዱን ነቀለችና ጫፉን ይዛ ደምሴ ምሳውን ወደሚበላበት ወረደች። የገመዱን ጫፍ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄ የት ነው የተሰካው?» አለችው።

ደምሴ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስፒከሮቹ አርጅተው ነበር፤ ቤዙ ሲበዛ የውስጣቸው ወረቀት ይቀደድብኛል ብሎ ሌት ተቀን ይሰጋል፤ ስፒከሮቹ እንጀራው ናቸው። «ሲስተር፣ ምን አስቆጣሽ? ማንም አላወቀም እኮ! ይኸው ሰው እየጨፈረ ነው።»

«ማንም ካላወቀ የለሁም ማለት ነው?»

«እኔ እንደዛ አላልኩም።»

«ብለሃል። በእጅህ ብለሃል» አለችና ወደ መድረክ ተመልሳ ጊታሯን ቦርሳው ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወርዳ ከሴቶቹ ጋር ጨፈረች፤ ያንን እንደ ግድግዳ ነው የምትለውን ትከሻ ይዛ እስኪመሽ ጨፈረች። እኔ የሰው ሰርግ ላይ እንደዚያ ያለ ጭፈራ አይቼ አላውቅም። ደስታ አልነበረም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ «የራሴን አምፕ እገዛለሁ» አለች። «ኮምቦ የሚሉት አለ፤ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ በአንድ ሣጥን። ከኋላዬ አስቀምጬ ማዞሪያውን ራሴ አዞራለሁ። ከእንግዲህ ድምፄን ሰው እጅ ላይ አልተውም።»

ደምሴ ከፊት ወንበር ሰማ። «ግዢ፣ ማን ከለከለሽ» አለ። «ግን አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ የምትኖሪ ሴት ነሽ። ለቤት የሚሆነው ለሰርግ ያንሳል፣ ለሰርግ የሚሆነው ቤት ያፈርሳል። ለሁለቱም ይሆናል ብለሽ ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳትሆኚ።»

«ጎመኑን ለእኔ ተወው» አለችው።

እቁቧ ሲደርሳት ዕረፍት ወሰደችና አብረን አዲስ አበባ እንድንሄድ ጠየቀችኝ። ከመሄዳችን በፊት የሠራችውን ካላወራሁ ሲስተርን አላወራኋትም። የሰፈራችንን ባጃጅ አስቆመች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና የኋላውን መቀመጫ ፊትና ጎን ለካች፤ ልኩ ላይ ቋጠሮ ቋጠረች። ባለ ባጃጁ ልጅ ግራ ገብቶት «ሲስተር፣ መጋረጃ ልታሠሪልኝ ነው?» አላት። «ባል ላገባ ነው» አለችው። «ከእኔ ጋር እዚህ መቀመጥ የማይችል ባል አላገባም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ሲያገኘኝ ሁሉ ስለ ባልዮው ይጠይቀኝ ነበር።

አዲስ አበባ የገባንበት የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ወለሉም ግድግዳውም ሴራሚክ የሆነ ጠባብ ክፍል ነበር። ሻጩ ሽቶው የሚያውድ ወጣት፤ ሲስተርን ከነነጠላዋ ሲያይ ለልጇ የምትገዛ መሰለው። «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው እናቴ?» አለ። ሲስተር መልስ ሳትሰጠው ጊታሯን አወጣችና «ትልቁን ስካልኝ» አለችው።

ትልቁ ባለ አሥራ አምስት ኢንች ስፒከር ነበር፤ ሁለት ሰው ነው የጎተተው። አንድ ጊዜ ስትመታው ሆዴ ውስጥ ያለው ቁርስ ቦታ ቀየረ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ጊታሮች ራሳቸው ዘመሩ። «ይሄ ነው! በቃ ይሄ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም።

«የሚጮኸው ክፍሉ ነው እንጂ ሣጥኑ አይደለም» አለች። «ልጄ፣ ወደ ውጭ አውጣው።»

«ውጭ?»

«እኔ የምጫወተው ድንኳን ውስጥ ነው። ሸራ ነው፤ ሣር ነው፤ ጭላሎ ተራራ ንፋሱን ይለቅብናል። ሱቅህ ውስጥ ሰርግ ልደግስ አልመጣሁም።»

«እናቴ፣ የወጣ ዕቃ እንደተሸጠ ነው የሚቆጠረው።»

«ያልወጣውን ደግሞ እኔ አልገዛም።»

እሱ አይሆንም አለ፤ እሷ ይሆናል አለች። በመጨረሻ ሲስተር ምን አደረገች? በርጩማውን ስባ በሩ ላይ ተቀመጠች። ደንበኛ ሲመጣ ተነስታ በትህትና ታሳልፋለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች፤ የገባውንም ሰው «ልጄ፣ የምትገዛውን ዕቃ ውጭ አውጥተህ ስማው፣ እዚህ ውስጥ ሁሉም አንበሳ ነው» ትለዋለች። ሦስተኛው ደንበኛ «እውነቷን ነው፣ ለምን አይወጣም?» ሲል ሻጩ እጁን ሰጠ። ማራዘሚያ ገመድ ጎትቶ በረንዳው ላይ ዘረጋልን።

«አንተ መንገዱን ተሻገር» አለችኝ። «መስማት እስክታቆም ሂድ። ሲጠፋብህ እጅህን አንሳ።»

እኔም ታክሲውን እየሸሸሁ ተሻገርኩ። ትልቁ ውጭ ሲወጣ ያ ሁሉ ጉልበቱ የት እንደገባ አላውቅም፤ የሚሰማኝ ሩቅ ያለ የጭነት መኪና ዓይነት ጉርምርምታ ነው፤ የቱ ኖታ የቱ እንደሆነ አይለይም። ትንሹን፣ ሻጩ «ለቤት» ያለውን፣ ገና መንገዱን ሳልጋምስ አጣሁት። ከዚያ አንድ መካከለኛ አወጡ፤ ባለ አሥራ ሁለት ኢንች፣ ማዕዘኑ የተፋቀ፣ ፊቱ ትንሽ ወደ ላይ ያዘነበለ። መልከ መልካም አልነበረም። ግን እኔ በሄድኩበት ድምፁ አብሮኝ ሄደ፤ የመኪናው ጥሩምባ፣ የረዳቱ ጥሪ፣ የሰው ጫጫታ መሃል እያንዳንዷ ኖታ ለብቻዋ ትሰማኛለች። እጄን ሳላነሳ ርቄ ሄጄ መንገደኛ ገጭቼ ተሰደብኩ።

ስመለስ ሲስተር ድምፁን ልትዘጋ እስክትደርስ ዝቅ አድርጋው ነበር። ሻጩን «እስቲ ለሰው ደውልና አውራ» አለችው። እሱ ተስፋ ቆርጦ ለጓደኛው ደወለ፤ እኛን መሰለኝ ያማው። እሱ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ሲያወራ እሷም ዝቅ ብላ ስትመታ ሁለቱም ይሰማሉ። ትልቁ ዝቅ ሲል ጉም ሆኖ ነበር። «ዝግ ብሎ ሲያወራ የማይገባ ሰው ሲጮህም አይገባም» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አወጣችና ሣጥኑ ላይ ዘረጋች፤ ቋጠሮዎቹ ተርፈው ወደቁ። ባጃጅ ይገባል።

በመጨረሻ ገልብጣ ጀርባውን ፈተሸች፤ ልክ ያኔ ቀበሌ ውስጥ ጊታሩን እንደፈተሸችው። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ይላል ወይ? ይላል፤ ከውጭ እየመጡ እኛ አገር መብራት ላይ ሲሰኩ የሚጨሱት መቶ አሥሮቹ ናቸው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው ወይ? አለው። ወደ ሚክሰር የሚወጣስ? እሱም አለ። ያቺን ቀዳዳ በጣቷ ነካችና «በዚህ የሚወጣውን ደምሴ ከፈለገ ይዝጋው» አለችኝ። እጇን ወደ ስፒከሩ አዞረች። «በዚህኛው የሚወጣው ግን የእኔ ነው።»

አሰላ እንደደረስን ባጃጁ ውስጥ ከጎኗ አስቀመጠችው፤ ባለ ባጃጁም ባልዮውን አየ። ድል በድል ነበርን። ግን ሁለታችንም አንድ ነገር ረስተናል። ድንኳኑን አስበን፣ ሜዳውን አስበን፣ ንፋሱን አስበን፣ እሷ የምትኖረው ጣውላ ወለል ላይ መሆኑን አላሰብንም።

አከራይዋ አዴ ሸምሲያ ይባላሉ፤ አዴ በእኛ አገር ትልልቅ ሴቶችን አክብረን የምንጠራበት ነው። አሮጌ የጭቃ ቤት ነው፤ የእሳቸውና የሲስተር ክፍል በአንድ ግድግዳ ይለያያል፤ የወለሉ ጣውላ ግን ከግድግዳው ሥር አልፎ ይሄዳል። ሲስተር ሣጥኑን ጥግ አስይዛ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ሱቅ ውስጥ እንዳደረገችው ዝቅ አድርጋ መታች። ወዲያው አዴ ሸምሲያ የስኒ መደርደሪያቸው እየተንቀጠቀጠ መጡ፤ ማለቴ አንዱን ስኒ ይዘው መጡ።

«ያ ረቢ! አስካለ፣ ማሊ ኩን? ምንድን ነው ይሄ? ስኒዎቼ እየጨፈሩ ነው!»

«ድምፁ እኮ ዝቅ ያለ ነው አዴ።»

«ድምፁን ማን ሰማው! ወለሉ ነው የሚንቀጠቀጠው። ይሄ ነገር ከዚህ ይውጣ፤ ካልሆነ አንቺም አብረሽው ውጪ።»

ደምሴ ይህን ቢሰማ ለአንድ ዓመት ይስቅ ነበር። ሲስተር ይቅርታ አልጠየቀችም፤ አልለመነችም፤ በጆሮ ማዳመጫ ተደብቄ ልምታም አላለችም። «እሺ አዴ፣ ክፍልዎ ይግቡና ስኒዎቹ ሲቆሙ ይጥሩኝ» አለቻቸው። ከዚያ እኔና እሷ ሣጥኑን ማዞር ጀመርን። ከጥጉ አራቅነው፤ ከግድግዳው ማዶ «አሁንም!» የሚል ድምፅ መጣ። ብርድ ልብስ ከሥሩ አነጠፍን፤ «አሁንም!» የለስላሳ ሣጥን ገልብጠን ከወለሉ ከፍ አድርገን አስቀመጥነው። ሲስተር መታች። ዝም። ደግማ መታች። ዝም።

«አዴ?» አለች።

«ቆመዋል» አሉ አዴ ሸምሲያ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አሁን የመታሽው ግን ጥሩ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ሴቶች ነገር ሌላ ሆነ። ሲስተር የሰላት ሰዓት ሲደርስ ትዘጋለች፤ ሰዓቱን ከእኔ በላይ እሷ ታውቀው ነበር፣ አዴም ይህንን እያነሱ ያሳፍሩኝ ነበር። አንድ ቀን ሳትለማመድ ከዋለች ግድግዳውን አንኳኩተው «አሞሻል እንዴ?» ይላሉ።

የአምፕሊፋየሩ የመጀመሪያ ሰርግ ጢቾ ነበር። የሙሽራዋ አባት ዱላቸውን ይዘው መሃል ገብተው የሚጨፍሩ ሽማግሌ ናቸው። ሲስተር ሣጥኗን ከኋላዋ አስቀመጠች፤ ከለስላሳ ሣጥኑ ላይ። ደምሴም እንደ ልማዱ የእሷን ማንሻ ወደ ታች ሲስበው ዓይኔ አየ። እሷም አየች። ዞር ብላ የራሷን ማዞሪያ በሁለት ጣቷ ትንሽ አዞረች። ትንሽ ብቻ።

እኔ ያንን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተጫወትኩት አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ከሥሩ ወለል የገባለት መሰለኝ። ሰዉ ምን እንደተለወጠ አልገባውም፤ እግሩ ግን ገብቶታል። ሽማግሌው ጭፈራቸውን አቁመው ዱላቸውን ተደገፉና መሬቱን አዩ፤ ከዚያ ሲስተርን አዩ። «ዛሬ መሬቱ ተናገረ!» ብለው ጮኹ። ደምሴ ማንሻውን እንዳወረደ ቀረ። በሳምንቱ ማስታወቂያው ላይ «ሙሉ ባንድ፣ ከነቤዝ ጊታር» ብሎ ጻፈ፤ ሲስተር አንብባው «ማናጀራችን ዘንድሮ ጆሮ አበቀለ» አለች።

እንዲህ ሆነን ዓመታት ሠራን። ጮሌ ከተማ ሄድን፣ ሲሬም ተመለስን። ሲሬ ላይ በዚያው ሜዳ ስትመታ ፊቷን አየሁት፤ ስለ ድሮው አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ማዞሪያውን ግን ከልማዷ ትንሽ ከፍ አድርጋ ነበር።

ሕመሙ ሲመጣ ሐኪሞቹ ዕቃ እንዳታነሳ ነገሯት። «እኔ መቼ አነሳሁ? ባጃጁ ነው የሚያነሳው» አለቻቸው። መቆም ሲያቅታት ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ መታች፤ «ድምፁ አሁን ከጀርባዬ ገብቶ በደረቴ ይወጣል፣ ይሻላል» እያለች። ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ በራሷ መሥሪያ ቤት አልጋ ላይ ተኝታ ነርሶቹን ታዛለች። ክስት ብላ ነበር፤ እንባዬ መጣ፣ እሷ አየችና ተቆጣች።

«ከእኔ በኋላ ደምሴ ግራ እጅህን ይጠይቅሃል» አለችኝ።

«እምቢ እላለሁ።»

«እንጀራ ነው ጀማል። እናያለን» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ተናግራ ራሷ ሳቀች።

ስትሞት እህቷ ከደብረ ማርቆስ መጣች። ወደ አገሯ ልውሰዳት ብትል ሲስተር ቀድማ ለሁሉም ተናግራ ነበር፤ «የት ሊወስዱኝ? የማውቀው ሰው ሁሉ እዚህ ነው፤ አብዛኛውን ራሴ ነኝ ያመጣሁት።» አሰላ ቀበርናት። እኔና አዴ ሸምሲያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጎን ለጎን ቆመን አለቀስን። እህቷ ጊታሩን ለማስታወሻ ወሰደች፤ አምፕሊፋየሩን ግን ሬዲዮ መስሏት ተወችው። ደምሴ ልውሰደው ብሎ ሲሄድ አዴ በሩ ላይ ቆመው «እንኳን ሣጥኑን ገመዱን አትነካም» ብለው መለሱት።

ለጢቾው ሰርግ ግን እኔ ጠየቅኳቸው። ምን እንደማደርግበት ነገርኳቸው። ከለስላሳ ሣጥኑ ላይ አነሱትና አንዱን ጎን ራሳቸው ይዘው ባጃጁ ውስጥ አስገቡልኝ።

ሰርጉ የእኚያው የጢቾ ሽማግሌ ሁለተኛ ልጅ ሰርግ ነበር። ሣጥኑን በቦታው አስቀመጥኩት፤ ሰካሁት፤ ቀይ መብራቱ በራ። ደምሴ «ባዶ ሣጥን ለምን ትጎትታለህ?» አለኝ። ጀመርን። ዘፈኑ ተነሳ፤ በቀኝ እጄ ብቻ። ደምሴ ከሚክሰሩ ኋላ ቀና አለና የራሱን ግራ እጅ አንስቶ አሳየኝ። እኔም የእኔን ግራ እጅ አንስቼ አሳየሁትና ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ያኔ ሲሬ ላይ ሲስተር እጇን ስታነሳ ማንም ዞር አላለም ነበር። አሁን ግን ጭፈራው አንድ ዙር ሳይሞላ ተሰነካከለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌው ዱላቸውን አቁመው ወደ መድረኩ መጡ።

«እናንተ ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች! መሬቱ ምነው ዝም አለ? ያቺ ሴትዮ የት አለች?»

ዘፋኙን ማይኩን ተቀበልኩት። የደምሴ እጅ ወደ ማይኩ ማንሻ ሲሄድ አየሁ። ይዝጋው፣ በጉሮሮዬም ቢሆን እናገራለሁ ብዬ ነበር። እጁ ማንሻው ላይ ቆመ፤ ወደ ቀይዋ መብራት አየ፤ እጁን መለሰ።

«ሲስተር አስካለ አርፋለች» አልኩ። «ይሄ ቦታዋ ነው። ቤዝ የሚመታ ሰው እስኪመጣ ክፍት ይቆያል። በእኔ ግራ እጅ አይደፈንም። ያልተመቸው ካለ ሌላ ባንድ ይጥራ።»

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ፤ ሣጥኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ መሃል ተመለሱና ዱላቸውን አንስተው መሬቱን መቱ፤ ቆይተው ደገሙ። ልክ በዘፈኑ ውስጥ እሷ ትመታበት በነበረው ቦታ ነበር። አንድ ጎረምሳ በእግሩ ተከተላቸው፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሴቶቹ። ያ ሁሉ ሰው የታችኛውን ድምፅ በእግሩ ያዘልኝ።

እኔም በቀኝ እጄ ዜማውን ጀመርኩ። ግራ እጄ እስከ ሰርጉ ማብቂያ ከኪሴ አልወጣችም።